ስቶማ ዙሪያ ስለሚወጣው እብጠት

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ሰገራ እንዲወጣበት ሆድሽ ላይ በተከፈተው የአንጀት ቀዳዳ (ኮሎስቶሚ፣ ወይም ስቶማ) ዙሪያ ስትቆሚ የሚወጣ፣ ስትተኚ የሚመለስ እብጠት አለ። እንደገና ኦፕራሲዮን ግድ ነው ወይ፣ ስግደትስ ልተው ወይ ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ አዳማ ከዚሁ ነገር ጋር ዓመታት ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ብዙውን ጊዜ ቡአ ነው። አንጀቱ እንዲወጣ የሆድ ጡንቻ ተከፍቷል። ያ ክፍተት ሲላላ ሌላ የአንጀት ክፍል ከቆዳ ሥር ገፍቶ ይወጣል። ስቶማ ያለው ሰው ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። ካላሠቃየሽና ሰገራውን የሚቀበለው ከረጢት (ባጉ) በደንብ ከያዘልሽ ሐኪሞች ለኦፕራሲዮን አይቸኩሉም። ተጠግኖም ሊመለስ ይችላልና።

እኔን ያሳረፈኝ ቀበቶ ነው። ሰፋ ያለ፣ ሆድን የሚደግፍ። ግን አደራ፣ ቆመሽ አትታጠቂው! ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ በጀርባሽ ተኚ። እብጠቱ ወደ ውስጥ ሲመለስ ያኔ እሰሪው። ቆመሽ ካሰርሽው የወጣውን አንጀት እዚያው ውጭ ታፍኚዋለሽ። ባጉ ሲሶው ሲሞላ አራግፊው፣ ከቀበቶው ሥር እንዳይጨናነቅ። ቀበቶው ላይ ለባጉ ቀዳዳ ካስፈለገ በግምት አትቁረጪ፤ ነርስ ትለካልሽ።

ባጉን በተመለከተ፣ በድሮው ልክ አትመኪ። ቆዳው ሲወጠር ስቶማውም ቅርጹን ይቀይራል። ተኝተሽም ቆመሽም ለኪው። የባጉ ማጣበቂያ ላይ የምትቆርጪው ቀዳዳ ከስቶማው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ይስፋ፤ ከዚያ ካለፈ ሰገራው ቆዳሽን ያቆስለዋል። ማጣበቂያው ግትር ከሆነ ጉብታ ላይ አይተኛም፣ ለስላሳው ይሻላል። ዳር ዳሩን በመቀስ ትንሽ ትንሽ ሰንጠቅ ብታደርጊው ጉብታውን ተከትሎ ይቀመጣል። ስንጥቁ ግን ወደ ቀዳዳው እንዳይጠጋ። ጉብታው ስቶማውን ከጋረደብሽ መስታወት ፊት ቁሚ። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ላቡ ሁሉን ነገር ያላቅቀዋል። ቆዳሽ ድርቅ ሳይል አትለጥፊ። ቫዝሊን እዚያ አካባቢ አይድረስ። ከለጠፍሽ በኋላ መዳፍሽን ለትንሽ ደቂቃ ጫን አድርገሽ ያዥው፤ ሲሞቅ ይበልጥ ይጣበቃል።

ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ ለሌላ ሰው ተይው። ሲያስልሽና ሲያስነጥስሽ እብጠቱን በእጅሽ ደግፊ። ውኃ ጠጪ፣ ድርቀት ያባብሰዋል።

ስግደቱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እኔ ቆሜ እጸልያለሁ፣ ጎንበስ የምለውም በልክ ነው።

አሁን የምነግርሽን ቤተሰብም ይስማው። እብጠቱ ጠጥሮ ተኝተሽም አልመለስ ካለ፣ ከባድ ቁርጠትና ማስመለስ ከመጣ፣ ባጉ ውስጥ ምንም አልወርድ ካለ፣ ወይም ቀዩ ስቶማ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር ከተለወጠ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። ምንም ሳትቀምሺ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እንደደረስሽም ስቶማና ቡአ እንዳለሽ ከሁሉ በፊት ንገሪያቸው።