ስህተት ሲፈጠር መጀመሪያ ምን ይባላል? ስለ እንክብካቤ ሠራተኞች ጥያቄና መልስ

ለብዙ ዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አሁን ፈረቃ አስተባብራለሁ። ጥያቄዎቻችሁን አንብቤ የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የቡድን መሪ ሆኛለሁ። ሠራተኞቼ ሲሳሳቱ ይደብቁኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው። ሰው ስህተቱን የሚደብቀው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ባለፈው የተናገረው ምን እንደደረሰበት ስላየ ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና፣ ጥሩ ቡድን ትንሽ ይሳሳታል ብላ ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ተቃራኒውን ነው። በጥሩዎቹ ቡድኖች የተመዘገበው ስህተት በዝቶ ተገኘ። ለካ እነሱ በግልጽ ይናገራሉ! ስለዚህ የስህተት መዝገብህ ባዶ ከሆነ አትደሰት፤ ይልቅ ስጋት ይግባህ።

አንድ ጊዜ አብራኝ የምትሠራ ልጅ የአንዱን ታማሚ ክኒን ለሌላው ሰጠች። ወዲያው መጥታ ነገረችኝ፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። አፌ ላይ የመጣው «እንዴት አታዪም?» የሚል ነበር። ዋጥ አደረግሁትና «ታማሚው አሁን እንዴት ነው?» አልኳት። ሐኪም ጠራን፤ ደግነቱ ምንም አልሆነም። በኋላ አብረን ስናይ የሁለቱ መድኃኒቶች ብልቃጥ መልኩ አንድ ነው፤ የተቀመጡትም ጎን ለጎን ነው። በማግስቱ ቦታቸውን ለየን። ያን ቀን ብጮህባት ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ጎን ለጎን በሆኑ ነበር።

ሁሉም ነገር ይታለፍ እያልኩ አይደለም። ዘንግቶ የተሳሳተና እያወቀ ሕግ የጣሰ ሰው አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ አለቃዬን ዝያለሁ ስለው «ሁሉም ይደክመዋል» ይለኛል። እውነት ስንፍና ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይህን የሥራ ዝለት (በእንግሊዝኛ «በርንአውት») ሲያብራራ በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የረጅም ጊዜ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ያለው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና ምንም አልሠራሁም ብሎ ማሰብ። ሁለተኛው ያስፈራኛል። ታማሚውን በስሙ መጥራት ትተሽ «የ4 ቁጥሩ» ማለት ከጀመርሽ ቆም በይ። መነሻው ሥራው ነውና መፍትሔውም እዚያው መፈለግ አለበት። በትርፍ ጊዜሽ ስፖርት ሥሪ ብሎ መሸኘት አይበቃም።

ጥያቄ፦ ግብዣና ሽልማት እናዘጋጃለን። ሞራሉ ግን አይነሳም።

መልስ፦ የፈረቃ ፕሮግራሙ የሚለጠፈው መቼ ነው? በዋዜማው ከሆነ ግብዣው ምንም አይለውጥም። ከሳምንታት በፊት አውጡት። እረፍት ላይ ያለውን ሰው የሚተካም በስም ይመደብ። ተተኪ የሌለው እረፍት ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ታማሚ ሲሞት ወዲያው ወደሚቀጥለው አልጋ እንሄዳለን። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም፤ ግን ብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ሲንከባከበው ለነበረው ሠራተኛ አሥር ደቂቃ ይሰጥ፤ አንድ ሰው ሥራውን ይያዝለት። ሰፋ ያለ መንገድም አለ። ኬኔት ሽዋርትዝ የተባለ አሜሪካዊ ጠበቃ በ1995 በሳንባ ካንሰር ከመሞቱ በፊት አንድ ማዕከል አቋቁሞ ነበር። በማዕከሉ በኩል የተጀመረው «ሽዋርትዝ ራውንድስ» ከተለያየ የሥራ ክፍል የመጡ ሠራተኞችን አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል። የሚያወሩት ስለ ሕክምናው ሳይሆን ስለተሰማቸው ነው። መፍትሔ የሚሰጥ፣ የሚመክር የለም። እኔ የምወደው ይሄንን ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰብ ሲሰድበን «ቻሉት» ይሉናል።

መልስ፦ አትቻሉት። በ2019 የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት 190ኛ ስምምነት የሥራ ቦታ ጥቃት ሲል ከውጭ ሰው የሚመጣውንም ይጨምራል። እያንዳንዱን መዝግቡ። ኃላፊው ራሱ ወጥቶ ቤተሰቡን ያነጋግር።

ጥያቄ፦ አለቃ አይደለሁም። እኔ ምን አደርጋለሁ?

መልስ፦ ከርክክብ ጀምሪ። ጠዋት ስትገቢ ስለ ታማሚዎቹ ከመጠየቅሽ በፊት የሌሊቷን ተረኛ «አንቺስ እንዴት አደርሽ?» በያት። «ደህና» ብላ ፊቷን ካዞረች ወንበር ሳቢላት።