ሎፐንት፦ «እየሄድኩ» ነው ወይስ «በእግሬ»?

ደች፣ የሆላንድንና የከፊል ቤልጅየምን ቋንቋ፣ ለምትማሩ ሁሉ፣ ጥያቄ ክፍት ነው። የዛሬዋ ቃል ሎፐንት ናት፤ ሎፐን፣ በእግር መሄድ፣ ከሚለው ግሥ የወጣች።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «እየሄድኩ ነው» ለማለት «ኢክ ቤን ሎፐንት» ይባላል?

መልስ፦ አይባልም! ሁላችንም የወደቅንበት ጉድጓድ ነው። «እየ» ስትመጣብን ሎፐንትን እንመዛለን። እኔ ራሴ ድሮ ከአንድ ግብዣ ስወጣ ለባለቤቱ «ኢክ ቤን ሎፐንት» አልኩት። ሰውየው በመስኮት ዝናቡን አየና የመኪና ቁልፉን አነሳ። ለካ «በእግሬ ነኝ» ብዬዋለሁ! መንገድ ላይ እየተራመድክ ስልክ ካነሳህ «ኢክ ቤን አን ኸት ሎፐን» በል። ሎፐንት የሚያምርባት ከሌላ ግሥ ጎን ስትቆም ነው፦ «ኢክ ኮም ሎፐንት»፣ በእግሬ እመጣለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ «እየ» አይደለችም።

ጥያቄ፦ ሎፐንት ቡፌት ምንድን ነው? ምግቡ ይሄዳል እንዴ?

መልስ፦ የምትሄደው አንተ ነህ፣ ሳህንህን ይዘህ። መጋዘን የምትሠሩ ደግሞ ሎፐንደ ባንትን ታውቋታላችሁ፤ ዕቃውን እየጎተተች የምታመጣው ቀበቶ።

ጥያቄ፦ ላለፈ ነገር፣ «ሄድኩ» ለማለት፣ «ሄፕ ኸሎፐን» ወይስ «ቤን ኸሎፐን»?

መልስ፦ መድረሻ ከጠራህ ቤን። «ኢክ ቤን ናር ደ ማርክት ኸሎፐን»፣ ወደ ገበያ ሄድኩ። ዝም ብለህ ስትራመድ ከዋልክ ሄፕ።

አባል፣ ከአንትወርፕ (ቤልጅየም)፦ እኛ ጋ እኮ ሎፐን መሮጥ ነው። መራመድ ስታፐን ነው የሚባለው።

አባል፣ ከሄግ (ሆላንድ)፦ የእናንተ ደግሞ ደች ሆኖ ነው?

አባል፣ ከአንትወርፕ፦ ጎጃሜና ሸዌ አማርኛቸው ለየቅል ነው ብለህ አንዱን ከቋንቋው ታስወጣለህ?

መልስ፦ ኧረ ተዉ! ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሆላንድ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ሬነን ወይም ሃርትሎፐን ይላል። ቤልጅየም ካነሳችሁ ግን ሎፐንደ ዛከን የምትለዋን ያዙ፤ በእጅ ያሉ፣ የተጀመሩ ጉዳዮች ማለት ነው። ከ2010ሩ ምርጫ በኋላ አገሪቱ 541 ቀን አዲስ መንግሥት ሳይመሠረት ስትቆይ፣ የነበረው ካቢኔ ሎፐንደ ዛከንን ብቻ እያስኬደ ነበር። እዚህ ላይ እግር የለም። «ሥራው እየሄደ ነው» እንደምንለው ነው።

ጥያቄ፦ ፈተና ላይ ትመጣለች?

መልስ፦ ፈታኝ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ አሁን ገባሁ፣ ይቅርታ። «እየሄድኩ ነው» በሎፐንት ይሆናል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ካልሆነም ዣንጥላ ያዝ።