መልስ፦ «የጀርም ሴል ዕጢ ነው ተባለ፤ ልጄ ይድናል ወይ?»

እህቴ፣ አይዞሽ። ከቢቸና የጻፍሽውን አነበብኩት። የ14 ዓመቱ ልጅሽ ሌሊት እየተነሳ ጆግ ሙሉ ውሃ ይጠጣል፣ ሽንቱ ብዙ ነው፣ ስኳር ግን የለበትም። ኤምአርአይ ሲነሳ ጭንቅላቱ ውስጥ የጀርም ሴል ዕጢ (ዘር ከሚሆኑት ሴሎች የሚነሳ ዕጢ) ተጠረጠረ። ዓይነቱንና ሕክምናውን ነው የጠየቅሽው።

ዋናው ነገር የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየቱ ነው። ጀርሚኖማ የሚባለው ዓይነት ከሆነ በጨረር ሕክምና በደንብ ይጠፋል፤ ተገቢውን ሕክምና ካገኙት አብዛኞቹ ይድናሉ። ብዙ ጊዜ ካርቦፕላቲንና ኢቶፖሳይድ የሚባሉ ኬሞዎች (የካንሰር መድኃኒቶች) ይቀድማሉ፣ ከዚያ ጨረር። ዕጢውን ቆርጦ ማውጣት ግድ አይደለም። እነ ዮክ ሳክና ኮሪዮካርሲኖማ የሚባሉት ዓይነቶች ግን ክፉ ናቸው፤ ጠንከር ያለ ኬሞና ጨረር፣ የተረፈ ካለም ቀዶ ጥገና ይፈልጋሉ። የበሰለ ቴራቶማ የሚባለው ዓይነት በቀዶ ጥገና ይወጣል።

ስለዚህ ኤኤፍፒና ቤታ ኤችሲጂ የሚባሉት፣ አንዳንዶቹ ዕጢዎች የሚለቁትን ንጥረ ነገር የሚለኩ ምርመራዎች ከደሙ ተሠርተው እንደሆነ ጠይቂ። ሐኪሙ አደጋ የለውም ካለ ከጀርባ በሚቀዳው ፈሳሽም ይታያሉ። አንዳንዴ ከዕጢው ናሙና መቁረጥን ያስቀራሉ።

ጥሙ የሆርሞን ጉድለት ነው፤ ዴስሞፕሬሲን የሚባል መድኃኒት አለው። እስከዚያ ውሃ እንዳትከለክዪው! ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ካስመለሰው ወይም ዓይኑን ወደ ላይ ማንሳት ካቃተው ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ደብረ ማርቆስ አድርሺው። ለጨረሩ ጥቁር አንበሳ ሪፈር አጽፊ። ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ማን ይከለክላል፤ የኬሞ ቀኑ ግን አይለፈው።