«የተጨመረ እውነታ» ወይስ «የተጨመረበት»?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ባለፈው አንድ የአከርካሪ ሐኪም ለአንዲት እናት «በኦግመንትድ ሪያሊቲ መነፅር ነው የምሰራልዎት» ሲል ድንገት አፌ ላይ የመጣው «በተጨመረ እውነታ» የሚል ሆነ። እሳቸው ደንገጥ ብለው «ጀርባዬ ላይ ምን ሊጨምሩብኝ ነው?» አሉኝ። ትክክለኛው አማርኛ ምንድነው? ቨርቹዋል ሪያሊቲንስ «ምናባዊ እውነታ» ማለት ያስኬዳል?

መልስ፦ እኚህ እናት ካንቺም ከኔም የተሻለ አማርኛ ነው የሰሙት። «የተጨመረ እውነታ» ካልሽ የተጨመረው እውነታው ራሱ ነው። ሽሮ እንውሰድ፣ «የተጨመረ ሽሮ» ስትዪኝ ሁለተኛ ጭልፋ የወጣልኝ ነው የሚመስለኝ፣ «ቅቤ የተጨመረበት ሽሮ» ስትዪኝ ግን ሽሮው የነበረው ነው፣ ላዩ ላይ ቅቤ መጣበት እንጂ። ልዩነቱ ያቺ «በት» ናት፣ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ሆስፒታል ውስጥ ስትወድቅ ሰው ታስደነግጣለች። (ደሞ'ኮ እውነቱን ለመናገር ጀርባቸው ላይ የሚጨመር ነገር አለ፣ አጥንቱን የሚያያይዝ ብሎን! ግን እሱ የመነፅሩ ስራ አይደለም።)

እስቲ ነገሩን ራሱን ቀረብ ብለን እንየው። እዛው ሰፈራችሁ ባልቲሞር፣ የጆንስ ሆፕኪንስ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ጁን 2020 መነፅሩን አድርገው አንድ ታካሚ አከርካሪ ውስጥ ስድስት ብሎን አስገብተዋል። በሽተኛው ቀደም ብሎ ሲቲ ስካን ይነሳል፣ ያ ምስል ሐኪሙ ጭንቅላቱ ላይ ባደረገው መሳሪያ በኩል አይኑ ላይ ይመጣለታል፣ ሲያይ ጀርባውንም ያያል በስጋው ስር ያለውን አጥንት ምስልም እዛው ቦታው ላይ ያያል። ድሮ ምስሉ ጎን ባለ ስክሪን ላይ ስለሆነ አንዴ ወደ ስክሪኑ አንዴ ወደ በሽተኛው አንገት ማዞር ነበር፣ ብሎኑ ደሞ ትንሽ ከሳተ ነርቭ ይነካል።

ታዲያ ይሄን የሚገልፅ ግስ አማርኛ የለውም? አለው እንጂ፣ «ደረበ»። ብርድ ሲሆን ጋቢ ደረብ አርጊ እንልሻለን፣ ከስር ያለው ልብስ አልተለወጠም። ስለዚ «ምስል የተደረበበት እይታ» በይው። አደራ ግን አሳጥሬው ብለሽ «ድርብ እይታ» እንዳትዪ! ነርቭ ሐኪም ጋ «ድርብ እይታ» በሽታ ነው፣ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ማየት።

«እውነታ»ን ለምን ጣልከው ካልሽኝ፣ የተደረበው ምስል ቀድሞ የተነሳ ስለሆነ ነው። አከርካሪ አጥንት ስለሆነ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ አንጎል ግን የራስ ቅሉ ተከፍቶ ፈሳሹ ሲወጣ ዝቅ ይላል፣ ቦታውን ይለቃል፣ ያኔ መነፅሩ የሚያሳየው የቅድሙን አንጎል ነው ሐኪሙ ፊት ያለው ደሞ የአሁኑ፣ ሁለቱ አይገጥሙም። እንደዚ አይነቱን ነገር እውነታ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ወደ ቨርቹዋል ሪያሊቲ (ኮምፒውተር በሰራው አለም ውስጥ ያለን የሚያስመስለው) ስንመጣ፣ «ምናባዊ» የሚለው ቃል ጋዜጣውንም ምናምኑንም ሞልቶታል፣ እኔ ግን አልወደውም (አንድ ወዳጄማ «ምናባዊ ምናባቱ» እያለ ይቀልድበታል)። ምናብ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚፈጠር ነገር ነው፣ ልብወለድ ፀሐፊ ጋ ያለ። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎች አይጥ ኳስ ላይ አቁመው ዙሪያዋን ስክሪን አድርገው ያስሮጧታል፣ ኳሱ ሲሽከረከር ስክሪኑ ላይ ያለው መተላለፊያ ወደፊት ይሄዳል፣ እሷ ግን ከቦታዋ ፈቀቅ አላለችም። ሆኖም አንጎሏ ውስጥ ቦታ የሚለዩት ህዋሶች ልክ እውነተኛ መንገድ ላይ እንዳለች ይሰራሉ። አይጧ ምን ምናብ አላት? እያየች ነው የምትሮጠው! እ.ኤ.አ. በ2009 ደሞ ካናዳ ሃሊፋክስ አንድ ሐኪም ከበሽተኛው ምስል ኮምፒውተር ላይ በተሰራ የአንጎል ቅጂ ተለማምዶ፣ ቀን ሳይሞላው የራሱን የበሽተኛውን እጢ አውጥቷል። ያንን «ምናባዊ ቀዶ ጥገና» ብትዪው ሰውየው ሳይታከም የታከመ የመሰለው ነው የሚመስለው።

እኛ «በህልሜ ነው በውኔ?» እንል የለ፣ «እውን» ያው የነቃንበት አለም ነው። ሰው መሰል ሮቦት እንደምንለው «እውን መሰል» ቢባል ለኔ ይጥመኛል፣ «እውን መሰል ልምምድ»፣ «እውን መሰል አንጎል»። ካልጣመሽ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ብለሽ ተዪው፣ ኦፕራሲዮንን ከፈረንጅ ተቀብለን ስንት ዘመን ተቀድደንበት የለ።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ የሰነድ አማርኛና የአልጋ ዳር አማርኛ ለየቅል ነው። ለእማማ ስም አያስፈልጋቸውም፣ እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ ያኔ የተነሱት ሲቲ ስካን የሐኪሙ መነፅር ላይ ይወጣል፣ ጀርባዎን ሲያይ አጥንቱ ከላይ ተደርቦ ይታየዋል፣ እርስዎ ላይ የሚደረግ መነፅር የለም»። ብሎኑን ሐኪሙ ራሱ ያስረዳቸው።