የሟች አባቴን የዜግነት ፋይል አውጥቼ ትውልዱን ማወቅ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አባቴ እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል በስደተኝነት አሜሪካ ገብቶ፣ ዜግነት አግኝቶ አርፏል። የትውልድ መንደሩን ነግሮን አያውቅም። በዜግነት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው የአያቴ ስም አክስቴ ከምትነግረኝ ይለያል። ፋይሉን አውጥቼ ስሙንም ማስተካከል እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። አንድ ነገር ዘለሉብኝ፤ እርስዎስ አሜሪካ የገቡት በማን ማመልከቻ ነው? እመለስበታለሁ።

እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1906 በፊት ዜግነት የሚሰጠው በየፍርድ ቤቱ ስለነበር መዝገቡም የሚፈለገው እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው በፌዴራል መንግሥት እጅም ይገኛል። የአባትዎ የቅርብ ጊዜ ስለሆነ በመረጃ ነጻነት ሕጉ መሠረት ከዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በኢንተርኔት ይጠይቁ። ማመልከቻው ክፍያ የለውም፤ የሞት ምስክር ወረቀት ግን ያያይዙ። በምስክር ወረቀቱ ላይ በቀይ የታተመው የምስክር ወረቀቱ ቁጥር ነው፤ ለእርስዎ የሚያስፈልገው በ«ኤ» ፊደል የሚጀምረው የፋይል ቁጥር ነው። ምስክር ወረቀቱ የቀድሞ ዜግነትን እንጂ መንደርን አይጽፍም። መንደሩ ካለ የሚገኘው በስደተኛ ምዝገባውና በዜግነት ማመልከቻው ውስጥ ነው። በሕይወት ያሉ ሰዎችን የሚመለከተው ክፍል ተሸፍኖ ቢደርስዎ አይደናገጡ።

አሁን ወደ ዘለሉት ልመለስ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ከጥያቄው ጋር የሚያያይዙት ደብዳቤ ነው። «የአባቴ ትክክለኛ ስም እገሌ ነው፤ ያኔ በካምፕ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ነበር» ብለው በቅንነት ይጽፋሉ። ደብዳቤው የሚገባው የእርስዎም ፋይል ወዳለበት መሥሪያ ቤት መሆኑን ልብ አይሉም። በዚያ ዘመን በዘመድ ስም የተመዘገበ፣ የወንድሙን ልጅ ልጄ ብሎ ያስመዘገበ ብዙ ነው፤ ለምን እንዳደረጉት እኔም እረዳለሁ። ሕጉ ግን በሐሰት ቃል የተገኘ ዜግነትን በፍትሐ ብሔር ክስ ለማሰረዝ የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። አባትዎ አልፈዋል፤ የእርስዎ ወረቀት ግን በእሳቸው ማመልከቻ ላይ ቆሞ ከሆነ ጥያቄው ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል። ምናልባት ልዩነቱ የአጻጻፍ ብቻ ይሆናል፤ ፋይሉን ሳያዩ ግን ማወቅ አይችሉም። ስለዚህ ስሙን ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለ ይጻፉ፤ ማብራሪያ አይጨምሩ። ውሸት ይጻፉ ማለቴ አይደለም፤ ያልተጠየቁትን ከጠበቃ ጋር ሳይመክሩ አይመስክሩ ነው የምልዎ። የማስተካከሉንም ሐሳብ ለጊዜው ይተዉት፤ መሥሪያ ቤቱ የራሱን የጽሕፈት ስሕተት ያርማል እንጂ አመልካቹ በመሐላ ያረጋገጡትን እንደ ዘበት አይለውጥም።

ፋይሉ የሚነግርዎ አባትዎ ለሹሙ ያሉትን ነው። ከአክስትዎ ቃል፣ ከክርስትና ምስክር ወረቀት ወይም ከድሮ ደብዳቤ ጋር ያመሳክሩት። አክስትዎንስ ዛሬውኑ ቢያናግሯቸው ምን አለበት? የሚሉትን ከነቀኑ ይጻፉት። ዓላማዎ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ከሆነ ደግሞ ቁም ነገሩ ከወላጅ፣ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ እንደነበሩ ማስረዳት ነው፤ ለዚያ መንደር ፍለጋ ላያስፈልግዎ ይችላል።

የራስዎን ፋይል ቅጂም ይጠይቁ። ሁለቱ ሲደርሱዎ ሳይነጣጥሉ ፈቃድ ላለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩ። ቅጽ የሚሞላ ሁሉ ጠበቃ አይደለም።