9000 ላይፍ ይዞ መግጠም፦ ስለ አኩማ ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ ጌም ቤት ገብቶ በስትሪት ፋይተር 6 (ሁለት ካራክተሮች የሚደባደቡበት ጌም) አኩማ የተባለውን ካራክተር የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ «ኧረ በዚህማ አትምጣ» ይባላል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ «አለቀ እኮ!» ይሉታል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ከአጂፕ፣ ከቆጪ፣ ከፈረንጅ አራዳና ከቂቶ ፉርዲሳ ግቢ የመጡት ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው ተመልሰዋል። ፍሬም የሚባለው የሰከንድ 60ኛ ነው። ትእዛዞቹ የተጻፉት ካራክተሩ ወደ ቀኝ ዞሮ ሲቆም ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ገልብጧቸው።

ጥያቄ፦ አኩማ ይሄን የሚያህል ጎረምሳ ሆኖ እንዴት «ቀላል» ይባላል?

ቀላል የተባለው ላይፉ (ሲመታ የሚቀነሰው ነጥብ) ስለሚያንስ ነው። የአብዛኞቹ ካራክተሮች ላይፍ 10000 ነው፣ የዛንጊፍ 11000፣ የአኩማ ደግሞ 9000። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ በትሮው (ተጋጣሚን ይዞ መወርወር) እንመንዝረው። የአብዛኞቹ ተራ ትሮው 1200 ያነሳል። ስለዚህ 10000 ያለውን ሪዩን በትሮው ብቻ ለመጨረስ 9 ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል፣ ዛንጊፍን 10 ጊዜ፣ አኩማን 8 ጊዜ። ማለትም ከአኩማ የተቀነሰበት አንድ ትሮው ነው። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ ያችን አንድ ትሮው እንዴት እንደምታስመልሳት ነው።

«አንድ ኮምቦ (ተከታታይ ምት) ከነካው ያልቃል» የሚሉት በስትሪት ፋይተር 4 ያደጉ ናቸው። እዚያ ሪዩ 1000 ሲኖረው አኩማ 850 ነበር፤ 15 በመቶ ጉድለት። አሁን 10 በመቶ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በለውጡ ምን ተሰጠው?

መሣሪያ ተሰጠው፣ ያውም ከመጠን በላይ። የመሬት ሃዶኬን (ከእጁ የሚወረውረው ኳስ) አለው፣ ከአየር ወደ ታች የሚወርድ ዛንኩ ሃዶኬን አለው፣ ለዘላይ ሾርዩኬን (ወደ ላይ የሚነሳ ቡጢ) አለው። ዲመን ሬይድ የሚባለው ዝላዩ ደግሞ ዘሎ ከወጣ በኋላ ከበርካታ ነገሮች አንዱን ያስመርጥሃል፤ ምንም ካልተጫንክ ሲያርፍ እግር ሥር ተንሸራቶ ይመታል።

ከሁሉም በደንብ መማር ያለብህ ዛንኩን ነው። ጀማሪ ከፍ ብሎ፣ የዝላዩ ጫፍ ላይ ይወረውራታል። ኳሷ ቁልቁል ስትመጣ ተጋጣሚ በሥሯ ሮጦ ያልፍና አንተ ስታርፍ ይቀበልሃል። ዝቅ ብለህ፣ ልታርፍ ስትል ወርውራት። ያኔ ኳሷና አንተ አብራችሁ ትደርሳላችሁ፤ እሱ ብሎክ (መከላከል) ላይ እያለ ያንተ ተራ ይቀጥላል። ርቀቱም ወሳኝ ነው። ከአፍንጫው ሥር ከዘለልክ ሾርዩኬን ይበላሃል፤ ከስክሪኑ ግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ይሻላል። ደግሞ ሦስት ጊዜ ተከታትለህ ከዘለልክ አራተኛዋን የቆጪ ልጅ ሁሉ ይጠብቃታል።

ጥያቄ፦ የአኩማ ሱፐር የሆነው ሬጂንግ ዲመን አይወጣልኝም። ጆይስቲኩ ነው ወይስ እኔ?

መጀመሪያ ቅድመ ሁኔታው ይሟላ፦ ሦስቱም የሱፐር ባር (ለትልልቅ ምቶች የሚጠራቀመው ኃይል) መሙላት አለበት፣ ላይፍህም 25 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ ለአኩማ 2250 ማለት ነው። ይህ ካልሆነ ጆይስቲክህን ብትሰብረውም አይወጣም።

ከዚያ በክላሲክ አጫዋወት (ትእዛዙን ሙሉ በሙሉ በእጅ የምታስገባበት) ቀላል ቡጢ፣ ቀላል ቡጢ፣ ወደፊት፣ ቀላል ርግጫ፣ ከባድ ቡጢ። አዝራሩን ማንም ካልቀየረው በፕሌይስቴሽን ካሬ፣ ካሬ፣ →፣ ኤክስ፣ አር 1 ነው። ጌም ቤት ውስጥ ከአንተ በፊት የተቀመጠው ልጅ ቀይሮት ሊሆን ስለሚችል ከመጀመርህ በፊት ሴቲንጉን እይ። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሁለቱ ካሬ ላይ ነው፤ ያረጀ ጆይስቲክ ሁለት ፈጣን ንክኪን እንደ አንድ ይቆጥራል። ጣትህን ሙሉ በሙሉ አንሳና ድገም። ሁሉንም ባንዴ መጨፍለቅም አይሠራም፤ ተራ በተራ ነው።

ሬጂንግ ዲመንን ብሎክ አይመልሰውም፣ የዘለለን ሰው ግን አይነካም። ስለዚህ ተጋጣሚህ አጎንብሶ ብሎክ መያዝ ሲለምድ ጠብቀህ አውጣው። ፈርቶ በሚዘል ሰው ላይ ማውጣት ሦስት ባር መጣል ነው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፦ 2250 ላይ ስትደርስ ሁለት ተራ ትሮው 2400 ነውና ይጨርስሃል።

ጥያቄ፦ ፓሪ ተምሬ ጎበዝ ሆንኩ ስል ትሮው እየበላሁ ነው የምሸነፈው። ለምን? (ከቂቶ ፉርዲሳ፣ ተማሪ)

እህቴ፣ አዝራር ተይዞ የሚደረገው ፓሪ ቡጢና ርግጫን ይመልሳል፤ ትሮውን አይመልስም። ባሰ ነገር፣ ፓሪ እንደያዝሽ ከተወረወርሽ ጌሙ እንደ ቅጣት ይቆጥረውና 1200ው 2040 ይሆናል። ከአኩማ 9000 ላይ 23 በመቶ ገደማ በአንድ መያዝ ሄደ ማለት ነው። በ10000 ካራክተር 20 በመቶ ገደማ ነበር።

ችግሩ አዝራሩን ይዘሽ መቆየትሽ ነው። ፓሪን ለሩቅ ኳስና አይተሽ ላወቅሽው ዝላይ አስቀምጪው። ክንድ ርቀት ላይ ስትሆኚ ብሎክ ያዢ፤ ትሮው ሲመጣ ቀላል ቡጢና ቀላል ርግጫን አንድ ላይ ጫኚ፣ ትላቀቂያለሽ። ፍጹም ፓሪ (ሰዓቱን ጠብቆ የተያዘው) የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 2 ፍሬሞች ብቻ ስለሆነ «ይዤ ብጠብቅ ይመጣል» ብሎ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ረጅም ኮምቦ እሠራለሁ፣ ግን ሁልጊዜ ሁለተኛው ግማሽ ላይ እሸነፋለሁ።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ የአኩማ ተጫዋቾች ትልቁ በሽታ ይሄ ነው። ከላይፍ በታች ያለው አረንጓዴ ድራይቭ ስድስት ባር ነው። ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ ምቱን አቋርጦ በድራይቭ ራሽ (ፈጣን ሩጫ) መግባት 3 ባር፣ ኦቨርድራይቭ (የተጠናከረ) ሾርዩኬን ወይም ሃዶኬን 2 ባር፣ ድራይቭ ኢምፓክት (ምትን ተቋቁሞ የሚገባ ከባድ ምት) 1 ባር። አንዱን ራሽና አንዱን ኦቨርድራይቭ አገናኝተህ ያማረ ኮምቦ ስትጨርስ ከስድስቱ አንድ ቀርቷል። ተመልካቹ «ዋው!» ይላል። ተጋጣሚህ ግን ተነስቶ ይጫንሃል፤ ብሎክ መያዝም ድራይቭ ይበላል፣ ያቺ አንዷ ታልቃለች።

ያኔ በርንአውት ውስጥ ነህ። ፓሪ የለም፣ ኦቨርድራይቭ የለም፣ ኢምፓክት የለም። ብሎክ ያደረግከው ሁሉ 4 ፍሬም ተጨማሪ ያስርሃል። የተጋጣሚህ ስፔሻል (እንደ ሃዶኬን ያለ ልዩ ምት) ብሎክ ላይም ላይፍ ይቆርጣል፤ 10000 ለሌለው ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ግድግዳው ጥግ ላይ ከሆንክ ደግሞ አንድ ኢምፓክት ብሎክ ብታደርግ እንኳ ትፈዛለህ፣ ከዚያ የፈለገውን ኮምቦ ይሠራብሃል።

መፍትሔው ኮምቦህን ማሳጠር ነው። ኮምቦው የሚገድል ከሆነ ሁሉንም ባር አፍስስ። የማይገድል ከሆነ ያለ ድራይቭ በሚጨርስ አጭር ኮምቦ ጣለውና ከ2 ባር በታች አትውረድ፤ እነዚያ ሁለቱ ስትጨናነቅ የምታወጣው ኦቨርድራይቭ ሾርዩኬን ናቸው። ተራው ሾርዩኬን ከአየር ለሚመጣ እንጂ መሬት ላይ ለሚጫንህ ሰው አያስተማምንም። ልዩነቱን አስተውል፦ ድራይቭ በየራውንዱ ሙሉ ሆኖ ይጀምራል፤ የሱፐር ባር ግን ካለፈው ራውንድ ይሻገራል። የመጀመሪያው ራውንድ ከእጅህ ካመለጠ ሦስቱን ሱፐር ባር እዚያ አታባክን።

ጥያቄ፦ የጌም ቤት ባለቤት ነኝ። ልጆቹ «ኢምፓክት አይታይም፣ ቲቪው ያዘገያል» ይሉኛል። ሰበብ ነው?

ሰበብ ላይሆን ይችላል፣ ጋሼ። ድራይቭ ኢምፓክት ለመምታት 26 ፍሬም ይፈጅበታል፣ ወደ 0.43 ሰከንድ። ቲቪው ምስሉን 100 ሚሊሰከንድ ካዘገየው 6 ፍሬም ጠፋ፤ ለልጁ የቀረው 20 ነው። መፍትሔው ወጪ የለውም፦ በቲቪው የምስል ሴቲንግ ውስጥ ጌም ሞድ ካለ ይክፈቱት። ከሌለ የፊልም ሞዱንና እንቅስቃሴ ማለስለሻውን ያጥፉ። የኤችዲኤምአይ ገመዱንም ከቲቪው በቀጥታ ያገናኙ። ተሸናፊ ከፋይ በሆነበት ቤት ይህ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ጥያቄ፦ ጋይል የሚባለው ካራክተር ከሩቅ ሶኒክ ቡም (ኳሱን) እየወረወረ አላስጠጋ ካለኝስ?

አትቸኩል። እያንዳንዱን ቡም ፓሪ ስታደርግ ድራይቭህ ይሞላል፤ ከሩቅ ሆኖ ትሮው አያደርስም፣ ስለዚህ ከላይ ያስጠነቀቅነው አደጋ እዚህ የለም። አንድ እርምጃ፣ ፓሪ፣ አንድ እርምጃ። መዝለል ያለብህ ቡሙን ሊለቅ ሲል ገምተህ ነው፦ ቡም ለመወርወር ወደፊት ስለሚጫን የታች ቻርጁን (ወደ ታች ተጭኖ ያጠራቀመውን) ይለቃል፤ ዘላይ የሚመታበት ፍላሽ ኪክ ወዲያው አይኖረውም። ቡሙን ካየህ በኋላ ከሩቅ ከዘለልክ ግን ቻርጁን መልሶ ሞልቶ ይጠብቅሃል።

ጥያቄ፦ ዛንጊፍስ?

አትቅረበው። የሱን የመያዣ ስፔሻል እንደ ተራ ትሮው መላቀቅ አይቻልም፤ ዋናው ማምለጫ መዝለል ነው፣ እሱ ደግሞ ዝላይህን ይጠብቃል። ሃዶኬን ከሩቅ፣ ከዚያ ሲዘል ሾርዩኬን። ሌላው ጌጥ ነው።

ጥያቄ፦ በሞደርን አጫዋወት አኩማ ይሻላል?

ለመጀመሪያው ሳምንት አዎ፤ ሾርዩኬን በአንድ አዝራር ይወጣል። ግን በአቋራጭ የወጣ ስፔሻል ጉዳቱ በ20 በመቶ ይቀንሳል። አኩማ የሚኖረው ቀድሞ በመጉዳት ነው፤ ያንን ከቀነስክበት 9000ው ብቻ ይቀርሃል።

ጥያቄ፦ ዲስክ ገዛሁ፣ አኩማ የለም። ተታለልኩ?

አልተታለልክም። ጌሙ በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 18 ካራክተሮች ብቻ ነበሩት። አኩማ በግንቦት 22፣ 2024 እ.ኤ.አ. ነው የተጨመረው፣ ለብቻው ወይም ከአንደኛው ዓመት ጥቅል ጋር ይገዛል። ማዘመኛውን ማውረድ ግድ ነው፤ ኢንተርኔቱ የሚፈጥንበትን ሰዓት መርጠህ ማታ ልቀቀው።

ጥያቄ፦ ሌላው የድብድብ ጌም ቴከን ላይስ ቀላል ካራክተር አለ?

በላይፍ የለም፤ ቴከን 8 ላይ የሁሉም እኩል ነው። ሊንግ ሻውዩ ቀላል የምትባለው በሌላ መንገድ ነው፦ ትንሽ ናት፣ ፊኒክስ አቋሟ ላይ ስትወርድ ከፍ ብለው የሚመጡ ምቶች በላይዋ ያልፋሉ። ዝቅ ብሎ የሚመታ ግን ያገኛታል።

ጥያቄ፦ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ፣ መብራትም ይሄዳል። ምን ልለማመድ?

ኮምቦ አይደለም። ትሬኒንግ ሞድ ግባና ዱሚውን (የመለማመጃውን ተጋጣሚ) ሦስት ነገር ቅዳበት፦ አንደኛ ዘሎ መምታት፣ ሁለተኛ ተጠግቶ ትሮው፣ ሦስተኛ ድራይቭ ኢምፓክት። ሦስቱንም በዘፈቀደ እንዲጫወት አድርገው። ለዝላዩ ሾርዩኬን፣ ለትሮው መላቀቅ፣ ለኢምፓክት መልሰህ ኢምፓክት። መጀመሪያ ሁለት ሁለቱን አጣምረህ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሦስቱንም ባንድ ላይ።

የሚያስቸግርህ ሦስተኛው ይሆናል፣ ምክንያቱም ጣትህ ሾርዩኬን ላይ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። ኢምፓክትን አንድ የትከሻ አዝራር ላይ ለብቻው አስቀምጠው፤ ሁለት ከባድ አዝራሮችን አብሮ መጫን ያመለጠውን ጣት የበለጠ ያዘገየዋል። ከአሥር ሰባቱን ስትመልስ ወደ ሰው ግጥሚያ ውጣ።