አሠሪ የትምህርት ቤት ፋይላችሁን ማየት ይችላል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ምርቃቱ አልቆ፣ ጋዋን የለበሱት ፎቶዎች ፌስቡክን ሞልተው ሲያበቁ ሥራ ፍለጋው ይጀመራል። ያኔ የእኔም የመልእክት ሳጥን ይሞላል። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት ስለ እኔ የያዘውን መዝገብ አሠሪ ማየት ይችላል ወይ? አሜሪካ ላላችሁት የተማሪን መዝገብ የሚጠብቀው ዋናው ሕግ ፈርፓ ይባላል። በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከፌዴራሉ የትምህርት ዲፓርትመንት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ሁሉ ይገዛበታል፤ ኮሌጆቹ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያገኛሉ። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

ባንክ ውስጥ ለሥራ አመለከትኩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ኮርስ ኤፍ ነበረኝ፣ በኋላ ደግሜ ወስጄ አልፌያለሁ። አሠሪው ዩኒቨርሲቲዬ ደውሎ ውጤቴን መጠየቅ ይችላል? (ከአሌክሳንድሪያ)

መጠየቅማ ማን ይከለክለዋል! መልስ ማግኘቱ ላይ ነው ነገሩ። ያላንቺ ፈርማ ሬጅስትራሩ ውጤትሽንም ሆነ ጂፒኤሽን ለአሠሪ መስጠት አይችልም። የዲሲፕሊን ጉዳይም ካለ እንደዚያው። ሳያስፈቅድ ሊናገር የሚችለው "ዳይሬክተሪ ኢንፎርሜሽን" የሚሉትን ነው፤ ስምሽን፣ የተማርሽበትን ዘመን፣ ያጠናሽውን ትምህርት፣ ዲግሪ ማግኘትሽን የመሳሰለውን። ደግሞ በዚህ ጊዜ ለሬጅስትራር ስልክ የሚደውል አሠሪ ብዙም አይደለም። ብዙዎቹ ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሃውስ በሚባለው ድርጅት በኩል ዲግሪሽን አረጋግጠው ይጨርሳሉ።

ፈርማሽን የት የት እንዳስቀመጥሽ ግን አስቢ። ማመልከቻውን በስልክሽ ስትሞዪ "እስማማለሁ፣ እስማማለሁ" እያልሽ ነካ ነካ አድርገሽ ካለፍሽው ውስጥ የትምህርት መዝገብሽን የሚመለከት ፈቃድ ሊኖር ይችላል። ትክክለኛ ፈቃድ የትኛው መዝገብ፣ ለማን፣ ለምን እንደሚሰጥ በግልጽ ይጽፋል፣ ቀንና ፈርማም አለበት፤ በኢንተርኔት የተፈረመም ይቆጠራል። ባክግራውንድ ቼክ የሚሠራ ድርጅት ካስገቡ ደግሞ ሌላ የፌዴራል ሕግ አለ። አስቀድመው በጽሑፍ ማስፈቀድ አለባቸው፣ በሪፖርቱ ምክንያት ሊከለክሉሽ ካሰቡም መጀመሪያ ቅጂውን ሊሰጡሽ ይገባል።

አሠሪው "ትራንስክሪፕትሽን ራስሽ አምጪ" ቢልሽስ? ይችላል። ፈርፓ የሚያስረው ትምህርት ቤቱን እንጂ አሠሪውን አይደለም። አላመጣም ብትዪ ማንም አያስገድድሽም፣ ሥራውን ግን ላታገኚው ትችያለሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ አንዲት ኤፍ፣ ያውም ተደግማ የታለፈች፣ ይህን ያህል አታስፈራም። ሲቪ ላይ ጂፒኤ ማጋነን ነው በኋላ ተደርሶበት የሚያስባርረው።

ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ሁለት ሥራ እየሠራሁ ክፍያውን የምከፍለው እኔ። ስለ ውጤቱ ብጠይቅ "ልንነግርሽ አንችልም" አሉኝ። ይሄ ምን የሚሉት አገር ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እናቴ፣ ንዴትዎ ይገባኛል፤ ይህን ጥያቄ የማይጠይቀኝ አበሻ ወላጅ የለም ማለት ይቻላል። ሕጉ ግን እንዲህ ነው። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ፣ በ17 ዓመቱም ቢገባ፣ መብቱ ከእርስዎ ወደ እሱ ይዞራል። ማን ከፈለ የሚለው ለውጥ አያመጣም።

ቀዳዳዎች አሉ። በታክስዎ ላይ ጥገኛ አድርገው የሚያስመዘግቡት ከሆነ ትምህርት ቤቱ ሊነግርዎ ይችላል። "ይችላል" ነው እንጂ "አለበት" አይደለም፣ ስለዚህ ብዙዎቹ ሬጅስትራሮች አርፈው መቀመጡን ይመርጣሉ። የጤና ወይም የደኅንነት አደጋ ሲኖርም ለወላጅ መናገር ይፈቀዳል፤ ከ21 ዓመት በታች ሆኖ የመጠጥ ወይም የዕፅ ደንብ ከጣሰም እንዲሁ። ቀላሉ መንገድ ልጁ ራሱ የፈቃድ ፎርም ሞልቶ ስምዎን እንዲያስገባ ማድረግ ነው፤ ብዙ ኮሌጆች ፖርታላቸው ላይ አላቸው። እሁድ ምሳ ላይ፣ ያለ ጩኸት ይጠይቁት። ቢሮ ድረስ ሄደው ከጸሐፊዋ ጋር መጨቃጨቁ ትርፉ ድካም ነው።

ተማሪ እያለሁ የሚከታተለኝ ሰው ስለነበር ስሜ ለማንም እንዳይሰጥ ፎርም ሞላሁ። አሁን አሠሪው "ዩኒቨርሲቲው አያውቅሽም" አለኝ። (ከአትላንታ)

የሞላሽው ፎርም ሥራውን እየሠራ ነው። ዳይሬክተሪ ኢንፎርሜሽንም ቢሆን እንዳይወጣ መከልከል መብትሽ ነው፣ ክልከላው ደግሞ ከተመረቅሽም በኋላ ራስሽ እስክታነሺው ይቀጥላል። ችግሩ ሬጅስትራሩ አሠሪውንና ያንን ሰውዬ አይለይም፤ ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። ክልከላውን አታንሺ፣ ለዚህ አሠሪ ብቻ የሚሆን ፈቃድ ፈርመሽ ላኪ። ለአሠሪውም ቀድመሽ ንገሪው፣ አለበለዚያ ዲግሪሽ ፎርጅድ ይመስለዋል።

የትምህርት ቤቴ ሠራተኛ ስለ እኔ ለአሠሪ አውርታ ሥራ አሳጣችኝ። በፈርፓ ልክሰሳት? (ከሲያትል)

በፈርፓ ብቻ ከሆነ አትችልም። ይህ የተወሰነው እዚያው አንተ ያለህበት ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ በተነሳ ክስ ነው። ስፖካን በሚገኘው ጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ መምህር ለመሆን የሚማር አንድ ተማሪ ነበር። በ1993 የመምህራን ፈቃድ ጉዳይ የምትከታተል የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሌሎች ተማሪዎች ሲያወሩ ትሰማለች፤ ወሬው ልጁ በአንዲት ተማሪ ላይ ወሲባዊ ጥፋት ፈጽሟል የሚል ነው። ስሙን ጠቅሳ ለስቴቱ የመምህራን ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ተናገረች። ልጁ ይህን ሁሉ ያወቀው ከወራት በኋላ ነው፣ ለማስተማር ፈቃድ የሚያስፈልገውን የመልካም ጠባይ ማረጋገጫ እንደማይሰጡት ሲነገረው። ከሰሰ። የጁሪ አባላቱ በአጠቃላይ 1,155,000 ዶላር ፈረዱለት፤ ከዚያ ውስጥ 450,000 ዶላሩ በፈርፓ ስም ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2002፣ በ7 ለ2 ድምፅ፣ ፈርፓ ለግለሰብ የመክሰስ መብት አይሰጥም ተባለ። የፈርፓው ገንዘብ ቀረ ማለት ነው። ለእኔ ይህ የሕጉ ትልቁ ድክመት ነው፤ የተጎዳው ሰው እጁ ላይ ዱላ አልሰጠውም።

አንተ ማድረግ የምትችለው፣ ነገሩን ካወቅህ በ180 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ የትምህርት ዲፓርትመንት አቤቱታ ማስገባት ነው። ካሣ አያስገኝም፣ ትምህርት ቤቱን ግን ያስጠይቃል። ስም ማጥፋት ከሆነ ደግሞ በስቴት ሕግ የሚከሰስበት መንገድ ስላለ ጠበቃ አማክር። አንድ ነገር ልብ በል፤ የአንተ ትምህርት ቤት ሠራተኛ ያወራችው በዓይኗ ያየችውን ከሆነ ፈርፓ አይነካትም። ሕጉ የሚጠብቀው መዝገብን ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ፕሮፌሰር "ደብዳቤውን የማየት መብቴን ትቻለሁ" የሚል ፎርም አስፈረመኝ። ተሸወድኩ? (ከለንደን ወደ ቦስተን የመጣ ተማሪ)

አልተሸወድክም፣ የተለመደ ነው። ካልፈለግህ ግን አለመፈረም ትችላለህ። ደብዳቤው ውስጥ ጂፒኤህን ወይም ውጤትህን ከመዝገብ አውጥቶ የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ ፈቃድህን መጠየቅ አለበት።

ዲግሪዬን ያገኘሁት ኢትዮጵያ ነው። ፈርፓ እኔንም ይጠብቀኛል? (ከዳላስ)

አይጠብቅህም፤ እዚያ ያለ ዩኒቨርሲቲ የሚገዛው በአገሩ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች፣ የሚያስፈጽመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንተን የሚያስጨንቅህ ግን መረጃህ መውጣቱ አይመስለኝም፤ አልወጣ ማለቱ ነው! ዌስ ወይም ሌላ የውጭ አገር ዲግሪ የሚገመግም ድርጅት ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክለት ይፈልጋል፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ኮስት ሼሪንግህን ካልጨረስህ አይልክም። ስለዚህ አሠሪ ሳይጠይቅህ ቀድመህ ጀምር። ለወንድምህ ወይም ለእህትህ ውክልና ላክ፣ ክፍያውን አስጨርስ፣ የከፈልክበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተህ ያዝ። ሬጅስትራር ቢሮው ሁለተኛ ሊጠይቅህ ይችላል።